ግራር፣ ቀጋና የፒስታ አቧራ፦ የመኪና ቀለም መከላከያዎች በወሎ መንገድ ሲመዘኑ

በሩ የተጫረ መኪና ደሴ ላሜራ ሠሪ ጋ ሲገባ ጥፋቱ ሁሉ የሚላከከው በቁጥቋጦ ነው። ጠጋ ብሎ ላየው ግን ጭረቱ ሁለት ዓይነት ነው። ከፊት ወደ ኋላ አግድም የሄደ፣ ጥፍር ሲያልፍበት የሚይዝ ረዥም መስመር የእሾህ ወይም የቅርንጫፍ ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸረሪት ድር ክብ ክብ እየሠራ የሚታየው ደቃቅ ጭረት ግን የጨርቅ ሥራ ነው፤ አቧራውን በደረቁ የወለወለ እጅ ያመጣው። ገበያ ላይ ካሉት መከላከያዎች ብዙዎቹ ለሁለተኛው የሚረዱ ሆነው ሳለ ለመጀመሪያው ይሸጣሉ። እዚህ የምንመዝናቸውም በዚሁ ነው፦ የትኛው እሾህ ያቆማል? የትኛውስ አቧራ ብቻ?

መጀመሪያ የሚጠበቀውን ነገር ልክ ማወቅ ይበጃል። የፋብሪካ ቀለም ሙሉ ውፍረቱ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ) አካባቢ ነው። ከዚህ ውስጥ ክሊር የሚባለው ላይኛው ግልጽ ሽፋን ከ40 እስከ 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከአንድ የራስ ፀጉር አይበልጥም። ኮምፓውንድ በሚባለው መወልወያ ቅባት በተወለወለ ቁጥር ጥቂት ማይክሮን ይሄዳል፤ ስለዚህ «ይወለወላል፣ ይጠፋል» የሚባለው ተስፋ የሚሠራው ለጥቂት ጊዜ ነው። ነጭ ላንድክሩዘር ያለው ሰው ደግሞ አንድ ነገር ይፈትሽ። ብዙዎቹ ነጭ ቶዮታዎች ክሊር የሌለው፣ ባለ አንድ ደረጃ ቀለም የተቀቡ ናቸው። ጥግ ላይ በትንሽ ኮምፓውንድና በጥቁር ጨርቅ ማሸት ነው፤ ጨርቁ ላይ ነጭ ቀለም ከወጣ ክሊር የለም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ቀለም ሲጫር እምብዛም አይታይም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ውልወላ የሚበላው ራሱን ቀለሙን ነው።

ወሎ ላይ የሚጭረው እንደ ከፍታው ይለያያል። ቆላው፣ ማለትም የባቲ ዙሪያ፣ የቆቦ ሜዳና ወደ በሽሎ ሸለቆ የሚወርደው መንገድ፣ የግራርና የቁርቁራ አገር ነው። የግራር እሾህ ቀጥ ያለ ደረቅ መርፌ ነው፤ የቁርቁራው አንዱ ቀጥ ያለ፣ ጓደኛው የታጠፈ ስለሆነ ከያዘ አይለቅም። ወይና ደጋው ላይ፣ በሐይቅ፣ በውጫሌና በመርሳ ዙሪያ ከዋናው መንገድ ወጣ ሲባል አጋምና የወፍ ቆሎ ከግራና ከቀኝ ያጠባሉ። ወደ ኩታበር፣ ወደ ደላንታ ወይም ወደ ጉጉፍቱ ሲወጣ ቁጥቋጦው ይሳሳና በየአጥሩ ጥግ ቀጋ፣ በየማሳው ዳር የድንጋይ ካብ ይተካል። ለካብ የሚሆን መከላከያ የለም፤ እሱ የሚያጎብጠው ላሜራውን ነው።

ጭረት ደግሞ መኪናው ላይ እኩል አይደርስም። መኪና ሲታጠፍ የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ጠቦ ነው የሚያልፈው። ሾፌሩ የፊቱን በር አሳልፎ «ተረፍኩ» ሲል ከኋላ በር እስከ ኋላ መብራት ያለው ላሜራ ቁጥቋጦው ላይ ይታሻል። ቀጥሎ የሚጎዱት ስፖኪዮና ከበር እጀታው ሥር ያለው ጎድጓዳ ቦታ ናቸው፤ ጎድጓዳውን የሚጭረው ግን እሾህ ሳይሆን ጥፍርና የቁልፍ ቀለበት ነው። የኮፈኑ ፊትና ከፊት ጎማ ኋላ ያለው የበር ሥር የኮረኮንች ድርሻ ናቸው። ገንዘብ ሲያጥር ቅደም ተከተሉ በዚህ ይወሰናል፤ ጣራ መሸፈን ለወሎ መንገድ ትርፍ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ሴራሚክ ኮቲንግ የሚባለው ፈሳሽ ከደረቀ በኋላ ውፍረቱ ከ1 እስከ 3 ማይክሮን ነው። «9ኤች ጥንካሬ» ተብሎ የሚነገርለት ቁጥር የእርሳስ መለኪያ ነው፤ የተለያየ ጥንካሬ ያላቸው እርሳሶች ቀለም ላይ ተጭነው የትኛው እንደሚጭር የሚታይበት። ከድንጋይ ጥንካሬ ጋር አይገናኝም። የወሎ ደጋ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው፣ አቧራውም ከዚያው የተፈጨ ነው፤ ለዚህ አቧራ 9ኤች ምንም ማለት አይደለም፣ ለግራር እሾህማ ጭራሽ። ኮቲንጉ በእውነት የሚሰጠው ጥቅም ጭቃና የወፍ ኩስ በቀላሉ እንዲለቅ ማድረግ ነው፤ ይህም መታሸትን ስለሚቀንስ ዋጋ አለው። ለእሾህ ከ10 አንድ፣ ለማጠብ ከ10 ሰባት እንሰጠዋለን። ጭረት እንዲከላከልለት ብሎ የከፈለ ሰው ግን ተሸውዷል።

ማግኔት ምንጣፍ፣ ማለትም 0.7 ሚሊ ሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው፣ ለጉዞ ተለጥፎ ሲመለሱ የሚነሳው ጥቁር ወይም ነጭ ሉህ፣ ከሁሉ ወፍራሙ ነው። የግራር ቅርንጫፍ ቢታሽበት ከሥሩ ያለው ቀለም አያውቅም። በወር አንድ ጊዜ ከከተማ ወጥቶ ለሚመለስ መኪና ጥሩ መልስ ነው። ችግሩ አያያዙ ላይ ነው። ሉሁ የሚለጠፈው በታጠበና ፍጹም በደረቀ ላሜራ ላይ ነው፤ ሥሩ አንዲት ቁንጥር አቧራ ከቀረች የፒስታው ንዝረት ቀኑን ሙሉ ሲያሻት ይውልና ምሽት ላይ ሲነሳ በብርጭቆ ወረቀት የታሸ የሚመስል ክብ ደብዛዛ ቦታ ይገኛል። በየቀኑ ማታ ይነሳ፣ ሁለቱም ገጽ ይጠረግ። ፊተኛው ጠርዙ ንፋስ ካስገባ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲኬድ ተነቅሎ ይበርራል፤ ስለዚህ ከፒስታ ሲወጣ አንስቶ ጠፍጣፋ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። ከታጠፈ እጥፉ ላይ ዳግም አይለጠፍም። የማግኔቱ ጉልበት ከብረት ውጭ አይሠራም፦ በላንድክሩዘር 300 ኮፈኑ፣ ጣራውና በሮቹ አሉሚኒየም ስለሆኑ አይያዝም፤ በፕላስቲክ ፓራውልትም እንዲሁ። አንድ ያልታሰበ ጥቅም አለው፤ ያገለገለ መኪና ሲገዛ በሩ ላይ አልለጠፍ ካለ ከሥሩ ወፍራም ስቱኮ አለ።

ግልጽ የቀለም መከላከያ ፊልም ግን ለወሎ መንገድ ትክክለኛው ዕቃ ነው፤ ውድ ነው፣ ግን እሾህ ያቆማል። ሐሳቡ የመጣው በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የሄሊኮፕተር ክንፍ ከአሸዋና ከፍርስራሽ ለመጠበቅ ከተሠራ ፊልም ነው። ጥሩው ዓይነት ቲፒዩ ከሚባል ፖሊዩረቴን የተሠራ፣ 200 ማይክሮን ገደማ (8 ሚል ተብሎ የሚሸጥ) ሲሆን ከላዩ ደቃቅ ጭረት በሙቀት የሚዘጋ ስስ ሽፋን አለው። ለወሎ ከ150 ማይክሮን በታች አይገዛ። የታወቁት አምራቾች እስከ 10 ዓመት የሚሰጡት ዋስትና ፊልሙ ቢጫ እንዳይሆን፣ እንዳይሰነጠቅና እንዳይላቀቅ ነው፤ የእሾህ ቀዳዳ በዋስትና አይጠየቅም።

ገበያው ላይ ትልቁ ማታለያ ፒቪሲን፣ ወይም ለስላሳ ማድረጊያ የተጨመረበትንና «ቲፒኤች» የሚሉትን፣ ቲፒዩ ብሎ መሸጥ ነው። ሲታዩ አንድ ናቸው። 10 ሴንቲ ሜትር ቁራጭ ከመሸፈኛው ወረቀት ተላቆ በሁለት እጅ ይሳብ፦ ቲፒዩ እንደ ላስቲክ ረዝሞ ሲለቀቅ ወደ ልኩ ይመለሳል፤ ፒቪሲ ይነጣል፣ ረዝሞም ይቀራል። ሁለተኛው ፈተና፣ ቁራጩን በናስ ብሩሽ ጫር ጫር አድርጎ ሙቅ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ጭረቱ ካልጠፋ ላይኛው ሽፋን የለውም። ውፍረቱን በካሊፐር መለካት ሦስተኛው ነው፣ መሸፈኛው ወረቀት ተነሥቶ። ልዩነቱ እኛ ዘንድ ከሌላው አገር ይልቅ ቶሎ ይታያል። ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አልትራቫዮሌት ጨረር ደግሞ በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ አካባቢ እየጨመረ ይሄዳል። ፒቪሲ በዚህ ፀሐይ ለስላሳነቱን ያጣና ሊነሳ ሲባል እንደ ደረቅ ቅጠል እየተሰባበረ ይወጣል፣ ሙጫውን ላሜራው ላይ ትቶ።

ስንት ይበቃል? ፊልሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው 1.52 ሜትር ወርድ፣ 15 ሜትር ርዝመት ባለው ጥቅል ነው። ረዥሙ ሃርድቶፕ ላንድክሩዘር 5.2 ሜትር ገደማ ይሆናል። ፊልሙ በቁመቱ ለሁለት ሲከፈል 76 ሴንቲ ሜትር ወርድ ያላቸው ሁለት ቁራጮች ይወጡታል፤ ይህ ከመስኮት ሥር እስከ በሩ ግርጌ ያለውን ለመሸፈን ይበቃል። ስለዚህ 5.2 ሜትር ጥቅል ሁለቱንም ጎን ይሸፍናል። ለኮፈኑ ፊት 70 ሴንቲ ሜትር፣ ለስፖኪዮና ለእጀታ ጎድጓዳዎች 40 ሴንቲ ሜትር፣ ለስህተት ደግሞ አንድ ሜትር ቢታከል 7.3 ሜትር ይሆናል። አንድ ጥቅል ለሁለት መኪና ይበቃል ማለት ነው፤ ሁለት ባለመኪኖች ተካፍለው ቢገዙ ትርፍ የለም። ግን ጎኑን በአንድ ረዥም ቁራጭ መሸፈን ስህተት ነው። እያንዳንዱ በር፣ ፓራፋንጎና የኋላ ላሜራ ለየብቻ ይቆረጥ። እሾህ ሲቀድደው የሚቀየረው ያ ክፍል ብቻ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት በመከልከሉ የነዳጅ መኪና ቀለም እንደ ቀድሞው ችላ የሚባል አልሆነም።

አለጣጠፉ ላይ ብዙ ፊልም ይበላሻል። በመጀመሪያ፣ መኪናው ተቀብቶ ያውቃል ወይ? ተብሎ ይጠየቅ። አዲስ የተቀባ ላሜራ ውስጡ ያለው መሟሟቻ ገና እየተነነ ስለሆነ ቢያንስ 30 ቀን፣ በምድጃ ሳይጋገር በአየር የደረቀ ከሆነ እስከ 60 ቀን ይጠበቅ፤ አለበለዚያ ትነቱ ፊልሙን ከሥር በአረፋ ይሞላዋል። ስቱኮ ያለበት አሮጌ ሥራ ከሆነ የማይታይ ጥግ ላይ ጠንካራ ፕላስተር ለጥፎ ባንዴ መንጨት ነው። ቀለም ይዞ ከመጣ ፊልሙም አንድ ቀን ይዞት ይመጣልና ይቅር።

ላሜራው ይታጠባል፤ ሬንጅና የዛፍ ሙጫ ይለቀቃል፤ በመጨረሻ በአልኮል ይጠረጋል። መለጠፊያው ውኃ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ ከ3 ወይም 4 ጠብታ የሕፃናት ሻምፑ ጋር ነው። የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ይቅር፤ በዝቶ ሙጫውን ያዳክማል። ለጠርዝ የሚሆነው ሁለተኛው ፈሳሽ ከፋርማሲ 70 በመቶ አልኮል አንድ እጅ፣ ውኃ ሦስት እጅ ነው፤ ይህ ሙጫው ቶሎ እንዲይዝ ያደርጋል። ላሜራውም ፊልሙም ጣትም በሻምፑ ውኃው ይርጠብ፤ የደረቀ ጣት የነካው ሙጫ አሻራው ለዘለዓለም ይታያል። ፊልሙ ሳይወጠር ይቀመጥ፤ ውኃው በጎማ መጥረጊያ ከመሃል ወደ ዳር ይገፋ፣ እያንዳንዱ ግፊት የቀደመውን እኩሌታ እየደረበ። ጠርዙ ወደ በሩ ውስጥ 5 ሚሊ ሜትር ይታጠፍ፤ ማጠፍ ካልተቻለ ከላሜራው ጫፍ 2 ሚሊ ሜትር ቀርቶ ይቆረጥ። ልክ ጫፉ ላይ ያለቀ ፊልም መጀመሪያ የሚላቀቀው ነው። ማዕዘኖቹ ይከብከቡ፣ ሹል ማዕዘን ጭቃና ጨርቅ ይይዘዋል። መኪናው ላይ በከተር መቁረጥ ፈጽሞ አይሆንም፤ ምላጩ ፊልሙን አልፎ ቀለሙን ይቀድዳል፣ የቀደደውም ቆይቶ ይዝጋል። በወፍራም ወረቀት ልክ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ መቁረጥ ነው።

ሙቀቱ ከ18 እስከ 27 ዲግሪ ሲሆን ሙጫው ደስ ይለዋል። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ከዚህ በብዙ ትወርዳለች፤ ፊልሙ ይደርቃል፣ በኩርባ ላይ አልታዘዝ ይላል። ሥራው ከረፋዱ በኋላ ይጀመር፤ ካልሆነ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዶ ኮምቦልቻ ማሠራት ይሻላል፣ ከፍታዋ ከደሴ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል ሞቃት ናት። የጋራዡ ወለል ቀድሞ ውኃ ይረጭበት፤ በር ተከፍቶ ንፋስ በሚነፍስበት ቦታ የተለጠፈ ፊልም ሥሩ ሽንብራ የተበተነበት ይመስላል። ከዚያ መኪናው 48 ሰዓት ይቁም፣ አንድ ሳምንት አይታጠብ። ደቃቅ የውኃ አረፋ በሁለት ሦስት ሳምንት ራሱ ይጠፋል፤ መሃሉ ላይ ነጥብ ያለበት አረፋ ግን አቧራ ነው፣ አይጠፋም፤ ከሠሪው ጋር መነጋገር በዚያው ቀን ነው።

ከተለጠፈ በኋላ ምን ይጠበቅ? ሲታለፍ የሚታሽ እሾህ፣ የአጋም ቁጥቋጦ፣ የቀጋ ሐረግ፦ ያቆማል። ላዩ ላይ የቀረው ደቃቅ ጭረት 60 ወይም 70 ዲግሪ ውኃ ሲፈስበት ይዘጋል። ውኃ ደሴ ላይ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ከምድጃ ወርዶ ጥቂት ደቂቃ ይቀዝቅዝ። የማያቆመው በመጥረቢያ ተቆርጦ የቀረ የግራር ጉቶ ሲሆን፣ መኪናው በክብደቱ ሲደገፍበት ፊልሙን ወግቶ ያልፋል። የተወጋ ቦታ ላይ ቁራጭ መደረብ ጠርዝ ይፈጥርና ጭቃ ይሰበስባል፤ ያ ክፍል በሙሉ ይቀየር። የቁልቋል ወተት ከነካው ሳይደርቅ በሻምፑ ውኃ ይታጠብ፤ ከደረቀ በምግብ ዘይት አለስልሶ ማጠብ ነው፣ ዓይን እንዳይነካ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ላቫጆ ቤት የግፊት ውኃው ከ30 ሴንቲ ሜትር አይቅረብ፣ ጠርዝ ላይም በግንባር አይተኮስ። ፊልሙን ከ10 ስምንት እንሰጠዋለን፤ ሁለቱን ያጎደለው ዋጋውና እጅ የሚጠይቅ መሆኑ ነው።

ሌሎቹን ባጭሩ። ባለቀለም ቪኒል 80 ወይም 100 ማይክሮን ነው፤ መልክ ይቀይራል፣ ቅጠል ይመልሳል፣ እሾህ ይቀድደዋል። ተረጭቶ እንደ ጎማ የሚላጠው ቀለም ስስ ሆኖ ከተረጨ ሲነሳ ጥፍር በጥፍር ነው። ሁለት ፈሳሽ ተቀላቅሎ የሚረጨው ሻካራ ሽፋን ለበር ሥርና ለጎማ ቤት ከፊልም ይሻላል፣ ኮረኮንችን ይችላል፤ ግን ከሥሩ ዝገት ካለ አፍኖ ያሳድገዋል፣ መመለሻም የለውም። ናፍታ በጨርቅ መቀባት ለአንድ ሰዓት ያበራል፣ ከዚያ አቧራ ሰብስቦ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል።

ለሃርድቶፕ ርካሽ ረዳት አለ፦ ከፊት የብረት መከላከያው እስከ ፖርቶ መጋላው ጥግ በግራና በቀኝ የሚወጠር 4 ሚሊ ሜትር የብረት ገመድ። ቅርንጫፉን ከመስታወትና ከስፖኪዮ በላይ ያነሳዋል፤ ከወገብ በታች ያለውን ግን አይመለከትም። ጠባብ ቦታ ላይ ስፖኪዮ ታጥፎ በእግር እርምጃ ፍጥነት ይታለፍ። ረዳቱ ቅርንጫፍ ይዞ ሲያሳልፍ ከመኪናው ኋላ ሰው አይቁም፤ ሲለቀቅ እንደ ጅራፍ ነው። ቅርንጫፉን ለመቁረጥ ማሰብም አለ፤ ግን ወሎ ገጠር መንገድ ዳር ያለው እሾህ አብዛኛው የሰው አጥር ነው። ባለቤቱን «አባባ፣ ይችን ብንይዛት ይፈቅዳሉ?» ማለት ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ እሳቸው ራሳቸው ይዘው ያሳልፏችኋል።

አቧራው ቀረ። የትኛውም መከላከያ ቢለጠፍ ከፒስታ የገባ መኪና በደረቅ ጨርቅ አይነካም፤ ፊልሙም ይደበዝዛል። ውኃ በሚቸግርበት ቦታ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። 12 ሊትሩ ገበሬ በሚያዝለው ዓይነት መርጫ ከጣራ ወደ ታች ሳይነካ ይረጭ፤ መርጫው ግን አዲስ ይሁን፣ ፀረ አረም የገባበት አይነካም። 4 ሊትሩ ከሻምፑ ጋር፣ 4 ሊትሩ ጨርቅ ማጠቢያ በሌላ ባልዲ። ጨርቁ በቀጥታ መስመር እንጂ ክብ እየሠራ አይሂድ፤ ከበር ሥር ተነሥቶም ወደ ላይ አይመለስ። መኪናውን ቦርከና ውስጥ ነድቶ ማጠብ ለወንዙም ለፍሬኑም አይጠቅምም።

ፊልሙ ዕድሜውን ጨርሶ ሲነሳ በፀጉር ፎን ለእጅ የሚያቃጥል እስኪሆን ይሞቃል፤ ከዚያ ወደ ራሱ ተመልሶ ከላሜራው ጋር ሊነካካ በቀረበ አቅጣጫ ቀስ ተብሎ ይሳባል። ወደ ውጭ ቀጥ አድርጎ የሳበው ቀለም ያነሳል። የቀረ ሙጫ ላይ በአልኮል የረጠበ ጨርቅ አንድ ደቂቃ ተጭኖ ይቆይና በጣት ይጠቅለል፤ ቤንዚንና የቀለም ቲነር ከዚህ ሥራ ይራቁ።